የፓውሊን ፌራን ፕሬቮ የቢስክሌት ውድድር ታሪክ

ለትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በታዘዝሁ ጊዜ፣ ከነገሥታትና ከጦርነት ታሪክ ጥቂት ወጣ ብዬ የአንዲት ስፖርተኛ ታሪክ መጻፍን መረጥሁ። ይኸውም ፈረንሳዊቷ ወይዘሪት ፓውሊን ፌራን ፕሬቮ በቢስክሌት የፈጸመችው ሥራ አቻው እጅግ ጥቂት ሆኖ ስላገኘሁት ነው። አንባቢ እንዳይሳሳት፣ በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ታሪኳን ለመረዳት አስቀድሞ የጎዳናውን ውድድር ከተራራው ውድድር መለየት ያስፈልጋል። ሁለቱም የቢስክሌት ውድድር ይባሉ እንጂ የሚጠይቁት ሙያ በጣም የተለያየ ነው። በጎዳና ውድድር ከመቶ የሚበልጡ ተወዳዳሪዎች በአስፋልት ላይ ተጠጋግተው ይጋልባሉ፤ ከፊት ያለው ነፋሱን ሲጋፈጥ ከኋላው የተከተለው ጉልበቱን ይቆጥባል። ስለዚህ ብልሃተኛ የሆነ ሰው ጓደኞቹን ከፊት አሰልፎ ኃይሉን ለመጨረሻው ሰዓት ያስቀምጣል። በተራራው ውድድር ግን እንዲህ ያለ መጠለያ ብዙ አይገኝም። መንገዱ ጠባብ ነው፤ የዛፍ ሥርና ቋጥኝ ይበዛበታል፤ ዝናብ ሲጥልም ጭቃ ይሆናል። ውድድሩ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ስለሚፈጅ ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለ ዕረፍት መግፋት ነው። ጎማው የፈነዳበት ተወዳዳሪ ወይ ራሱ ጠግኖ መቀጠል፣ ወይም ለጥገና እስከ ተወሰነው ቦታ ድረስ እንደ ምንም ብሎ መድረስ አለበት። በኦሊምፒክ የሴቶች የጎዳና ውድድር የተጀመረው በ1984 በሎስ አንጀለስ ሲሆን፣ የተራራው ደግሞ በ1996 በአትላንታ ነው።

ፓውሊን ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1992 በሬንስ ከተማ ተወለደች። ገና በወጣቶች ምድብ ሳለች በ2010 በጎዳናውም በተራራውም የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ2012 ወደ ለንደን ኦሊምፒክ ስትሄድ ዕድሜዋ 20 ዓመት ነበር፤ እዚያም በሁለቱም ውድድር ተሰለፈች። በጎዳናው 8ኛ ወጣች፤ ያንን ውድድር ያሸነፈችው የሆላንዷ ማሪያን ፎስ ነበረች። ይህች ፎስ በኋላ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመልሳ ትመጣለችና አንባቢ ስሟን ይያዝልኝ። የተራራውን ወርቅ ደግሞ ጁሊ ብሬሴ የተባለች የአገሯ ልጅ ወሰደችው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ዓመታት የድል ዓመታት ነበሩ። በ2014 በቤልጅግ አገር ፍሌሽ ዋሎን የተባለውን ውድድር አሸነፈች፤ በኢጣሊያ ዙር ከፎስ ቀጥላ 2ኛ ሆነች፤ በመስከረም ወርም በእስፓኝ አገር በፖንፌራዳ ከተማ የዓለም የጎዳና ሻምፒዮን ሆና የቀስተ ደመናውን ማልያ ለበሰች። በ2015 መጀመሪያ በታቦር፣ ቼክ አገር፣ በክረምት በጭቃ ላይ የሚደረገውን የሳይክሎክሮስ ውድድር የዓለም ሻምፒዮንነት አገኘች። በዚያው ዓመት በመስከረም መጀመሪያ በአንዶራ የተራራውን ጨመረች። የጎዳናው ሻምፒዮንነት ለሌላ ሰው እስኪተላለፍ ድረስ ለጥቂት ሳምንታት ሦስቱን የቀስተ ደመና ማልያዎች በአንድ ጊዜ ይዛ ነበር። ከእርሷ በፊት ወንድም ሆነ ሴት ይህን ያደረገ የለም። ዕድሜዋም ገና 23 ነበር።

ወደ 2016ቱ የሪዮ ኦሊምፒክ ስትሄድ ወርቁ የእርሷ እንደሚሆን ብዙ ሰው ይጠብቅ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በጎዳናው 26ኛ ወጣች፤ በተራራው ደግሞ ውድድሩን ሳትጨርስ አቋርጣ ወጣች። እግሯ አልታዘዝ ብሏታል፤ ሰውነቷ ደክሟል፤ ለቢስክሌት የነበራት ፍቅርም እንደ ጠፋባት በይፋ ተናገረች።

የእግሯ ነገር ምን እንደ ነበር የታወቀው ብዙ ቆይቶ ነው። ቢስክሌት ነጂ ወገቡን አጎንብሶ በብዙ ዓመታት ውስጥ ጭኑን ሚሊዮን ጊዜ ሲያጥፍና ሲዘረጋ፣ ከሆድ ወደ ጭን ደም የሚያወርደው ደም ቅዳ አብሮ ይታጠፋል፤ ግድግዳውም ቀስ በቀስ እየወፈረ ውስጡ ይጠባል። ሰውየው ተቀምጦ ሳለ ወይም ቀስ ብሎ ሲሄድ ምንም አይሰማውም፤ ሐኪም ቢመረምረውም ጤነኛ ይመስላል። ነገር ግን ኃይሉን ሁሉ አውጥቶ ዳገት በሚወጣበት ሰዓት እግሩ የሚፈልገው ደም በሙሉ አይደርሰውም፤ ያን ጊዜ ያመዋል፣ ይደነዝዛል፣ ጉልበቱም ይከዳዋል። ከዚህ የከፋው ነገር፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ በሽታው የማይታይ በመሆኑ ሰው ራሱን ሰነፍ አድርጎ እንዲቆጥር ማድረጉ ነው። ፓውሊን በ2019 መጀመሪያ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። በዚያው ዓመት በኦገስት መጨረሻ በካናዳ፣ በሞን ሳንት አን፣ የተራራውን የዓለም ሻምፒዮንነት ከአራት ዓመት በኋላ እንደገና አገኘች፤ በ2020ም ደገመችው።

በ2021 በተደረገው የቶኪዮ ኦሊምፒክ መጀመሪያ ላይ ከሚመሩት ጋር ሆና ሳለ ወደ ኋላ ቀርታ 10ኛ ወጣች። ሦስቱንም ሜዳልያ የስዊስ ሴቶች ተከፋፈሉት። እንግዲህ በሦስት ኦሊምፒክ ተወዳድራ አንድ ሜዳልያ እንኳ አልነበራትም ማለት ነው። በ2022 ግን በአንድ ዓመት አራት የዓለም ሻምፒዮንነት አሸነፈች፤ ሁለቱ በሌ ዤ የተደረጉት የተራራ ውድድሮች፣ ሦስተኛው የተራራ ማራቶን፣ አራተኛው በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው የጠጠር መንገድ ውድድር ናቸው። በ2023ም በስኮትላንድ የተራራውን ደገመች።

የፓሪሱ ኦሊምፒክ የተራራ ውድድር የተደረገው ኤላንኩር በሚባል ኮረብታ ላይ ነው። ኮረብታው 231 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን በፓሪስ ዙሪያ ካለው ቦታ ሁሉ ከፍተኛው ነው፤ ቀድሞ ድንጋይ የሚፈለጥበት፣ በኋላም የፍርስራሽ መድፊያ የነበረ ቦታ ነው። ጁላይ 28 ቀን 2024 ፓውሊን ገና በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ተነጥላ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልደረሰባትም። ሁለተኛ የወጣችውን አሜሪካዊት ሄይሊ ባትንን በ2 ደቂቃ ከ57 ሴኮንድ ቀደመቻት። በዚህ ዓይነት ውድድር ይህ እጅግ ሰፊ ልዩነት ነው። ዕድሜዋ 32 ሆኖ ነበር።

ብዙ ሰው ቢሆን በዚህ ያበቃ ነበር። እርሷ ግን ወደ ጎዳናው ተመልሳ በሦስት ዓመት ውስጥ የሴቶችን ቱር ደ ፍራንስ ለማሸነፍ ማሰቧን ተናገረች። ለ2025 የገባችበት ቡድን ማሪያን ፎስ ያለችበት የሆላንድ ቡድን ነበር። ኤፕሪል 12 ቀን 2025 ከፓሪስ ሩቤ ውድድር ተሰለፈች። ይህ ውድድር በሰሜን ፈረንሳይ የገጠር መንገድ፣ በኮብልስቶን ላይ የሚደረግ ሲሆን፣ ወንዶቹ ከ1896 ሴቶቹ ከ2021 ጀምሮ ይወዳደሩበታል፤ ለአሸናፊም የሚሰጠው ሽልማት ያው የመንገዱ ድንጋይ ነው። ፓውሊን ብቻዋን ሩቤ ገባች፤ በሴቶቹ ውድድር ከፈረንሳይ የመጀመሪያዋ አሸናፊም ሆነች። በጭቃና በቋጥኝ ላይ ያደገ ሰው በኮብልስቶን ላይ ቢስክሌቱን መቆጣጠር ባይከብደው አያስደንቅም።

የሴቶች ቱር ደ ፍራንስ ከ1984 እስከ 1989 ከወንዶቹ ጋር አብሮ ይደረግ ነበር። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ያሸነፈችው ፈረንሳዊቷ ዣኒ ሎንጎ ነበረች። ከዚያ ተቋርጦ፣ አሁን ባለው መልኩ የተመለሰው በ2022 ነው። የ2025ቱ ውድድር ዘጠኝ ቀን የፈጀ ነበር። በመጀመሪያው ቀን በፕሉምሌክ ዳገት ላይ ፓውሊን ተስፈንጥራ ወጥታ ሳለ ከኋላ መጥታ የቀደመቻት የገዛ ጓደኛዋ ፎስ ናት። በመካከለኞቹ ቀናት ቢጫውን ማልያ ኪም ለ ኩር የተባለች የሞሪሸስ ሴት ለበሰችው፤ ከአፍሪካ በዚህ ውድድር ቢጫ ማልያ የለበሰች የመጀመሪያዋ ናት፤ አምስተኛውንም ቀን አሸንፋለች። የአፍሪካ ልጆች ሁሉ ልናውቀው የሚገባ ነገር ስለሆነ ጠቀስሁት።

በስምንተኛው ቀን መድረሻው የማድሌን ተራራ ነበር። ከፍታው 2000 ሜትር ያህል ነውና ለአዲስ አበባ ሰው ቁልቁል ነው ቢባል ሐሰት አይደለም፤ ዳገቱ ግን ከ18 ኪሎ ሜትር በላይ ሳያቋርጥ ይወጣል። ፓውሊን በዚያ ዳገት ላይ ሁሉንም ትታ ወጣች፤ አውስትራሊያዊቷን ሣራ ጂጋንቴን በ1 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ቀድማ ቢጫውን ማልያ ለበሰች። በማግስቱ ማልያውን መጠበቅ ብቻ ይበቃት በነበረበት በሻቴል እንደገና አሸነፈች። በጠቅላላው ዴሚ ፎለሪንግን በ3 ደቂቃ ከ42 ሴኮንድ በለጠቻት። ለራሷ ሦስት ዓመት ሰጥታ ነበር፤ የፈጀባት አንድ ነው።

ከድሉ በኋላ ክርክር ተነሣ። ፓውሊን ለዚህ ውድድር ብላ 4 ኪሎ ያህል መክሳቷን፣ እንዲህ ሆኖ ለረጅም ጊዜ መኖርም ለጤና እንደማይበጅ ራሷ ተናገረች። ሌሎች ተወዳዳሪዎች ይህ ለወጣት ልጃገረዶች አደገኛ ምሳሌ እንዳይሆን ፈሩ። ነገሩን ሳትደብቅ መናገሯ ያስከብራታል፤ ሆኖም የፈሩትም ሰዎች እውነት አላቸው እላለሁ፤ እርሷ የ33 ዓመት ሰው ናት፣ ሐኪምም አላት፤ የ15 ዓመት ልጅ ግን ይህ ሁሉ የላትም።

በሴፕቴምበር 2025 የዓለም የጎዳና ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ ተደረገ። ፓውሊንም በኪጋሊ ዳገቶች ላይ ለአገሯ ተሰልፋ ነበር። ዋና ዋናዎቹ ተወዳዳሪዎች እርስ በርሳቸው ሲጠባበቁ፣ ብዙ ሰው ያልጠበቃት ካናዳዊቷ ማግዴሌን ቫሊየር ቀድማ ገብታ የቀስተ ደመናውን ማልያ ወሰደች።