የምግብ ፋይበር (አሰር) እና ሜታቦሊክ ሲንድሮም

«ግፊትዎ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ስኳርዎም እየጨመረ ነው፣ ወገብዎን ይቀንሱ» ተብለው ከሆነ የተነገሩዎት ሦስት የማይገናኙ ነገሮች አይደሉም። ብዙውን ጊዜ ምንጫቸው አንድ ነው፤ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ መዳከም። እነዚህ ችግሮች አብረው ሲገኙ ሜታቦሊክ ሲንድሮም ይባላሉ።

ሜታቦሊክ ሲንድሮም አለብዎት የሚባለው ከሚከተሉት አምስት ምልክቶች ቢያንስ ሦስቱ ሲገኙ ነው፦ የወገብ ዙሪያ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ (አንዳንድ ሐኪሞች 102 እና 88 ይጠቀማሉ)፤ የደም ግፊት 130/85 እና ከዚያ በላይ፤ ምግብ ሳይቀመስ የተለካ ስኳር 100 እና ከዚያ በላይ፤ ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ቅባት 150 እና ከዚያ በላይ፤ ጠቃሚው ኮሌስትሮል (ኤች ዲ ኤል) ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በታች። ለእነዚህ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ይቆጠራል። ሕመም ስለሌለው ብዙ ሰው ሳያውቀው ይቆያል፤ ሳይታከም ሲቀር ግን ለስኳር በሽታ፣ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ያጋልጣል።

ፋይበር ምን ያደርጋል?

ፋይበር ወይም አሰር የምንለው አንጀታችን ፈጭቶ ሊያልመው የማይችለውን የእህል፣ የጥራጥሬ፣ የአትክልትና የፍራፍሬ ክፍል ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ ውስጥ የለም። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ውሃ ውስጥ የማይሟሟ ሲሆን ሰገራን ያለሰልሳል፤ የጎመን ግንድና ፉርሽካ ውስጥ የሚበዛው እሱ ነው። ሁለተኛውን ለማወቅ ተልባን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ይዩት። ያ የሚዝለገለገው ነገር የሚሟሟ ፋይበር ነው። አንጀት ውስጥም እንዲሁ ይወፍርና ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል። ከሐሞት ጋር ተጣብቆም ይወጣል፤ ጉበት የጎደለውን ሐሞት ለመተካት ኮሌስትሮልን ከደም ይወስዳል፣ መጥፎው ኮሌስትሮል (ኤል ዲ ኤል) በዚህ ይቀንሳል። ጥጋቡም ረዘም ስለሚል ቶሎ አይርብዎትም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር ከምግብ እንዲያገኝ ይመክራል።

ከጥሊሊ ገበያ

ይህን ያህል ፋይበር ለማግኘት ከውጭ የመጣ ዱቄት መግዛት አያስፈልግዎትም። በጥሊሊና በእንጅባራ ደጋ ገብስ፣ ባቄላ፣ ስንዴና ድንች ሞልቷል። ከሁሉም የማስቀድመው ገብስን ነው። ቤታ ግሉካን የሚባል የሚሟሟ ፋይበር አለው፤ በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን መጥፎውን ኮሌስትሮል በ5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። እንደ ዝርያው ቢለያይም ይህን መጠን ለማግኘት 75 ግራም ገብስ፣ ማለትም አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል ቆሎ ይበቃል። ቂንጬ፣ ገንፎ ወይም በሶ ቢሆንም ይሠራል፤ በሶውን በስኳር ካልበጠበጡት። ጠላ ግን አይቆጠርም። አብዛኛው አሰር ከአተላው ጋር ይቀራል፣ አልኮሉ ደግሞ ግፊትንና ትራይግሊሰራይድን ይጨምራል።

በስንዴ በኩል የምናደርገው ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ፉርሽካውን ለከብት እንሰጥና እኛ ነጩን ዱቄት እንበላለን። ፋይበሩ ያለው ከብቶቹ ጋር ነው። ስንዴዎን ራስዎ የሚያስፈጩ ከሆነ ሳይነፋ ይጋገር።

ድንችን በተመለከተ «ስኳር አለብኝ፣ ልተወው?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። መተው አይጠበቅብዎትም። ነገር ግን የተቀቀለ ድንች 100 ግራሙ 2 ግራም ያህል ፋይበር ብቻ ነው ያለው፣ ስታርቹም ቶሎ ወደ ስኳር ይለወጣል። ስለዚህ መጠኑን ቀንሰው፣ ከነልጣጩ፣ ከጎመን ወይም ከባቄላ ጋር ይብሉት።

ለምሳሌ ጠዋት አንድ ብርጭቆ የገብስ ቆሎ (10 ግራም አካባቢ ፋይበር)፣ ምሳ ላይ 100 ግራም የበሰለ ድፍን ምስር (8 ግራም)፣ ማታ ተመሳሳይ መጠን የባቄላ ንፍሮና ጎመን (በድምሩ 9 ግራም ገደማ) ቢመገቡ እንጀራው ሳይቆጠር 25 ግራሙን አልፈዋል። ጾም ለዚህ የተመቸ ነው፤ በነጭ ዳቦ፣ በፓስታና በዘይት በተጠበሰ ምግብ ካለፈ ግን ጥቅሙ ይጠፋል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ጓያም ጥራጥሬ ነው፤ ነገር ግን ለሳምንታት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ ስለሚያደርግ ለፋይበር ብለው አይምረጡት። የሽሮ ዱቄት ሲገዙ ጓያ እንዳልተቀላቀለበት ይጠይቁ።

ፋይበር የማያደርገው

ትራይግሊሰራይድንና ጠቃሚውን ኮሌስትሮል ብዙም አይለውጥም፤ ግፊትን የሚቀንሰውም በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ተልባ ወይም አብሽ ጀመርኩ ብለው መድኃኒትዎን አያቁሙ። መድኃኒት አቁመው በተልባ ብቻ ቆይተው፣ ስኳራቸው በጣም ከፍ ብሎ የሚመጡ ሰዎች አጋጥመውኛል።

በተቃራኒው ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ሰዎች አመጋገባቸውን በአንድ ጊዜ ሲለውጡ፣ በተለይ አብሽ ሲያበዙ፣ ስኳራቸው ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መፍጠን ከተሰማዎት ወዲያው ጣፋጭ ነገር ይውሰዱ፤ ከዚያም ሐኪምዎን አማክረው መጠኑን ያስተካክሉ። ተልባና አብሽ መድኃኒት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያዘገዩ ከመድኃኒቱ በሁለት ሰዓት ያራርቋቸው። ነፍሰ ጡር ከሆኑ አብሽን በመድኃኒትነት አይውሰዱ።

ጥራጥሬ ያልለመደ ሆድ በመጀመሪያው ሳምንት ይነፋል። በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመሩ ይሂዱ፣ ባቄላውንና ሽንብራውን ዘፍዝፈው የዘፈዘፉበትን ውሃ ይድፉ። ተልባ ፈጭተው ይጠቀሙ፤ ያልተፈጨው ፍሬ እንዳለ ይወጣል። ውሃም በደንብ ይጠጡ፤ ፋይበር ያለ ውሃ ድርቀትን ያብሳል።

ከዚህ ቀደም የአንጀት መዘጋት ወይም ቀዶ ሕክምና ካጋጠመዎት፣ ወይም ኩላሊትዎ የተጎዳ ከሆነ፣ ይህን ለውጥ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ። ሆድዎ ተነፍቶ፣ ሰገራና ጋዝ ቆሞ፣ የሚያስታውክዎ ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ሌሎቻችሁ ወገባችሁን ዛሬ ለክታችሁ ጻፉት፤ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ከስኳርና ከኮሌስትሮል ምርመራው ጋር እንደገና ይለካ።