የቴሌቪዥን መሣሪያ እርጅና በደብረ ታቦርና በአካባቢው ደጋ

አንድ የቴሌቪዥን መሣሪያ ከአገልግሎት የሚወጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ውስጡ ተቃጥሎ ወይም መስታወቱ ደክሞ ጠጋኝ ሲያቅተው ነው። ሁለተኛው ግን መሣሪያው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ስርጭቱ ትቶት ሲሄድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ሁለተኛውን ሲሆን፣ የምንመለከተውም በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ በኩል ነው። ከማሰራጫው በራቀ አገር የስርጭት ለውጥ ዋጋ በማን ላይ እንደሚወድቅ በግልጥ ይታያልና።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ሆኖ ነው። በዚያ ዘመን በበጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረችው ደብረ ታቦር ከዋናው ከተማ በመኪና መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የቴሌቪዥን ሞገድ ደግሞ እንደ አጭር ሞገድ ራዲዮ አይደለም። ራዲዮው ከሰማይ ነጥሮ ተራራ ይሻገራል፤ ቴሌቪዥኑ ግን በቀጥታ ስለሚጓዝ ጋራ ይጋርደዋል። ስለዚህ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጉና በቆመበት አገር፣ ምልክቱን ተቀብሎ የሚያሳልፍ ጣቢያ በየከፍታው ካልተተከለ በቀር፣ ከወዲህ ያለው ሰው ሥዕል ሲያይ ከማዶ ያለው የሚንሿሿ ነጠብጣብ ብቻ ያያል።

የመጀመሪያው ትልቅ ለውጥ የመጣው በ1977 ዓ. ም.፣ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር፣ ስርጭቱ ባለ ቀለም በሆነ ጊዜ ነው። ይህ ለውጥ ከኋለኞቹ የሚለይበትን ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። አገራችን የተቀበለችው ፓል የተባለው ሥርዓት የሥዕሉን ብርሃን ለብቻው ይልካል፤ ቀለሙንም በላዩ በተደረበ ሌላ ምልክት ያስከትላል። ጥቁርና ነጭ የሚያሳየው አሮጌ መሣሪያ ብርሃኑን ወስዶ ቀለሙን ይተዋል። ይኸውም ሳይታሰብ የሆነ ነገር አይደለም። የቀለም ስርጭትን የፈለሰፉት መሐንዲሶች በየቤቱ ያለው መሣሪያ እንዳይጣል ተጠንቅቀው ያበጁት ነው። ከዚህም የተነሣ ባለ ቀለሙን መግዛት ያልቻለ ሰው ያንኑ ዜና በዚያው መሣሪያ ማየቱን አላቋረጠም። የጎደለበት ክብር እንጂ ሥዕል አይደለም። የለውጡን ድካም የተሸከመው አሰራጩ ነበር።

(ደብረ ታቦር የመሣሪያን እርጅና ከቴሌቪዥን በፊት ታውቀዋለች። አፄ ቴዎድሮስ በአጠገቧ ባለችው በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በስንት ድካም እስከ መቅደላ ተጎተተ። በ1860 ዓ. ም. የመጣው የእንግሊዝ ጦር ግን ከኋላ የሚጎርሰውን የስናይደር ጠመንጃ ይዞ ነበር።)

ቀጥሎ የመጣው ዲሽ ነው። ዲሽ ለደጋው ሰው ያመጣው ጥቅም የሚካድ አይደለም፤ ምልክቱ ከሰማይ ስለሚወርድ ጉናም ሆነ ሌላ ጋራ አይጋርደውም። ዳሩ ግን በሳተላይት የሚመጣውን ዲጂታል ምልክት አሮጌው መሣሪያ በራሱ ሊያነበው አይችልም። የሚያነብለት ሪሲቨር ነው፤ መሣሪያው መስኮት ብቻ ሆኖ ቀረ። ሪሲቨሩም ቢሆን ዘመን አለው። ኤምፔግ 2 ብቻ የሚያውቀው ሪሲቨር በኤምፔግ 4 የሚላከውን ጥራት ያለው ሥዕል አይፈታም። አዲሱ ሪሲቨር በኤችዲኤምአይ ገመድ ሥዕል ሲያወጣ፣ የቀድሞው መሣሪያ ደግሞ ያለው የአንቴና ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ሁለቱን የሚያስማማ ሌላ ዕቃ ይፈለጋል።

በ2012 ዓ. ም. ኢትዮሳት ሥራ በጀመረ ጊዜ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደዚያ መዞር ጀመሩ። ናይልሳት በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ሲሆን፣ ኢትዮሳት ሥራ የጀመረበት ሳተላይት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ነው። ከደብረ ታቦር ሲታይ የመጀመሪያው በምዕራብ በኩል ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል፣ ሁለተኛው በምሥራቅ በኩል 64 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ዲሹን ጥቂት መነካካት አልበቃም፤ ፊቱን ፈጽሞ ማዞር ግድ ሆነ። ለዚህም ባለሙያ የሚከፈለው፣ አለዚያም ጣራ ላይ ወጥቶ የሚታገለው ባለቤቱ ነው። በእኔ አስተያየት የ1977ቱና የ2012ቱ ለውጥ ልዩነት ከሥዕሉ ጥራት ይልቅ በዚህ ይታያል።

የዚህን ታሪክ ሌላ ገጽ ያሳየን ፕላዝማ ነው። ከ1997 ዓ. ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ ጀመር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን የተዘጋጀውም በደቡብ አፍሪካ ነው። መብራት ቢጠፋ ስርጭቱ አይጠብቅም፤ ያመለጠው ትምህርት አምልጧል። መሣሪያው ራሱም ለደጋ የታሰበ አልነበረም። የአየሩ ግፊት ሲቀንስ መስታወቱ ሊያጉረመርም ስለሚችል ብዙዎቹ አምራቾች ከ2,000 ሜትር ገደማ በላይ ለሚጠቀም ሰው ማስጠንቀቂያ ይጽፉ ነበር። ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ፓናሶኒክ በ2006 ዓ. ም. ፕላዝማ መሥራቱን አቆመ፤ ሳምሰንግና ኤልጂም በ2007 ዓ. ም. ተከተሉት። ከዚያ ወዲህ አንድ ትምህርት ቤት የተበላሸበትን ፕላዝማ ለመጠገን የሚያገኘው መለዋወጫ ከሌላ የተበላሸ ፕላዝማ የሚፈታ ነው።