ዲስክ ጎልፍ በነፋሻማ ቀን፤ የትኛው ዲስክ ይመረጥ? እንዴትስ ይወርወር?

ባለፈው ዓመት ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ የአውሮራ ከተማ፣ ኮሎራዶ፣ ታናሽ ወንድሜን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የወንድሜ ልጅ ወደ ሰፈራቸው መናፈሻ ይዞኝ ሄደ። ትከሻው ላይ ያንጠለጠለው ቦርሳ በሳህን የተሞላ ይመስላል። "ጋሼ፣ ይሄ ጎልፍ ነው" አለኝ። ኳስም ዱላም የለም። ክብ የፕላስቲክ ዲስክ ከመነሻው ወርውሮ፣ ካረፈበት እያነሱ እንደገና እየወረወሩ፣ ሰንሰለት ከተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ ማስገባት ነው። በጥቂት ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል።

ጨዋታው ቀላል መሰለኝ። አራተኛው ቅርጫት ላይ ስንደርስ ግን ከግራ በኩል ነፋስ ተነሣ። እኔም በጉልበት እረታዋለሁ ብዬ ከቦርሳው ውስጥ በጣም ቀላሉን ዲስክ መርጬ ባለ በሌለ ኃይሌ ለቀቅሁት። ዲስኩ ጥቂት እንደሄደ ቀኝ ጎኑን ዘቅዝቆ ሆዱን ለነፋሱ ሰጠ። ነፋሱም እንደ ወረቀት አንሥቶ ከሜዳው አሻገረውና፣ ሕፃን በጋሪ እየገፋች ከምታልፍ ሴት ሁለት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ጣለው። የወንድሜ ልጅ "ፎር!" እያለ ጮኸ፤ "ተጠንቀቁ" ማለት ነው። ሮጬ ሄጄ ይቅርታ ስጠይቅ ከአፌ ቀድሞ የወጣው ቃል "ነፋሱ ነው" የሚል ነበር። ስንመለስ ልጁ ቀስ ብሎ "ጋሼ፣ ነፋሱንማ ከመወርወርዎ በፊት ያውቁት ነበር እኮ" አለኝ።

ሕግ ለተማረ ሰው ይህ ከባድ መልስ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው፣ ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውንና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም የሚያግደውን ነገር ነው። ድንጋጌው የውል ጉዳይ ቢሆንም ሐሳቡ ለእኔም ይሠራል። ፊቴን እየመታኝ የነበረን ነፋስ "አላሰብኩትም" ልል አልችልም። በመሆኑም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነፋስ በዲስክ ላይ ምን እንደሚያደርግ ስጠይቅ፣ ሳነብና ስሞክር ሰነበትኩ። ያገኘሁት ከዚህ ይከተላል።

አጭር ታሪክ

የመጀመሪያው ቋሚ የዲስክ ጎልፍ ሜዳ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክ ግሮቭ በተባለ መናፈሻ ነው። የሠራው ኤድ ሄድሪክ ባለሰንሰለቱን ቅርጫት ፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1977 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቶበታል። የስፖርቱ ማኅበር ፒዲጂኤም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በመጀመሪያ ሰዎች ይወረውሩ የነበረው ጠርዙ ድቡልቡል የሆነውን ተራ ፍሪዝቢ ነበር። ዴቭ ደኒፔስ እ.ኤ.አ. በ1983 ጠርዙ እንደ ስለት የሾለ ዲስክ ካወጣ በኋላ ግን ዲስክ ነፋስን ሰንጥቆ መሄድ ቻለ። ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት የዲስክ ዓይነቶች እጅግ ብዙ የሆኑትም ከዚያ ወዲህ ነው።

ዲስኩ የሚያውቀው የአየሩን ፍጥነት ነው

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ዲስክ በመሬት ላይ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ አያውቅም። የሚያውቀው በላዩና በሥሩ የሚያልፈውን አየር ፍጥነት ብቻ ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የወረወሩት ዲስክ፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊት ቢገጥመው፣ ለእሱ 115 ኪሎ ሜትር ነው። ነፋሱ ከኋላ ከሆነ ደግሞ 65 ብቻ ይሆናል። አየር በዲስኩ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ሁኔታ ኃይሉ ነፋስ ከሌለበት ጊዜ በ60 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በሁለተኛው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ያው ዲስክ፣ ያው ክንድ፣ ግን ሁለት የተለያዩ በረራዎች!

በቀኝ እጁ ከግራ ትከሻው ጀምሮ የሚወረውር ሰው ዲስኩን ከላይ ሲያዩት እንደ ሰዓት ቆጣሪ ያሽከረክረዋል። እንዲህ የሚሽከረከር ዲስክ ለእሱ ከሚስማማው ፍጥነት በላይ ሲሄድ ወደ ቀኝ ይዘቀዘቃል፤ ሲዘገይ ደግሞ ወደ ግራ ያጋድላል። ስለዚህ የፊት ነፋስ ዲስክን ወደ ቀኝ ይገለብጣል፣ የኋላ ነፋስ ቶሎ ወደ ግራ ይጥላል። ግራኝ የሆነ አንባቢ ቀኝና ግራውን እያለዋወጠ ያንብብ።

አራቱን ቁጥሮች ማንበብ

በአብዛኞቹ ዲስኮች ላይ አራት ቁጥሮች ተጽፈዋል። የመጀመሪያው ፍጥነት ነው፤ ዲስኩ በሚገባ እንዲበር ምን ያህል በኃይል መወርወር እንዳለበት ይናገራል። ሁለተኛው ግላይድ የሚሉት በአየር ላይ የመንሳፈፍ ችሎታው ነው። ሦስተኛው ተርን ሲሆን በረራው ሲጀመር ወደ ቀኝ የመዞር ጠባዩን ያሳያል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች በወረደ መጠን ይበልጥ ይዞራል። አራተኛው ፌድ፣ ኃይሉ ሲያልቅ ወደ ግራ የሚያጋድልበት መጠን ነው። ተርኑ አነስተኛ፣ ፌዱ ትልቅ የሆነውን ተጫዋቾች ኦቨርስቴብል ይሉታል። በተቃራኒው ወደ ቀኝ የሚቀለው አንደርስቴብል ይባላል።

ለምሳሌ ያህል፣ ፋየርበርድ የተባለው ዲስክ ቁጥሮቹ 9፣ 3፣ 0፣ 4 ናቸው። ሌፐርድ ደግሞ 6፣ 5፣ ‑2፣ 1 ነው። እኔ በዚያ ቀን ከግራ ለሚመጣ ነፋስ የመረጥኩት የሁለተኛውን ጠባይ የያዘ፣ ያውም ክብደቱ 150 ግራም የሆነ ዲስክ ነበር። ስህተቴ ከመወርወሬ በፊት፣ እጄን ቦርሳው ውስጥ ስከት ጀምሯል ማለት ነው።

ለየትኛው ነፋስ የትኛው ዲስክ?

የፊት ነፋስ፦ ኦቨርስቴብል ይያዙ። ረጅም ርቀት ካለ ፋየርበርድን የመሰለ፣ አጭር ከሆነ 4፣ 3፣ 0፣ 3 ቁጥር ያለውን ዞን ወይም 4፣ 4፣ 0፣ 3 የሆነውን ሮክ የመሰለ ይበቃል። ነፋሱ ሊገለብጠው ሲል የዲስኩ ጠባይ ይቃወመዋል፤ ሁለቱ ሲተጋገሉም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ርቀቱ እንደሚቀንስ ግን አስቀድሞ መቀበል ነው።

የኋላ ነፋስ፦ አየሩ ዲስኩን በበቂ ስለማይደግፈው ቶሎ ይወርዳል። ግላይዱ ከፍ ያለ፣ አንደርስቴብል የሆነ ዲስክ እዚህ ላይ ጌታ ነው። የጉልበት ማነስ ላለብን ሰዎች በተለይ ፍጥነቱ 12 እና ከዚያ በላይ የሆነው ዲስክ ከኋላ ነፋስ ጋር አይስማማም፤ 6 ወይም 7 የሆነው ይልቅ ሩቅ ይሄዳል።

የጎን ነፋስ፦ አስቸጋሪው ይህ ነው። አንድ ጥያቄ ግን ነገሩን ያቃልለዋል። ነፋሱ የሚመታው የዲስኩን ጀርባ ነው ወይስ ሆዱን? ጀርባውን ከመታው ወደ መሬት ይጫነዋል፤ ሆዱን ካገኘው አንሥቶ ይወስደዋል። ከግራ ለሚመጣ ነፋስ፣ የዲስኩን ግራ ጠርዝ ዝቅ አድርጎ፣ ኦቨርስቴብል የሆነውን ከዒላማው ትንሽ ወደ ግራ መወርወር ያዋጣል። ነፋሱ ጀርባውን እየገፋ ወደ መሐል ይመልሰዋል። ከቀኝ በሚመጣ ጊዜ ፌዱ ትልቅ የሆነ ዲስክ መጨረሻ ላይ ሆዱን ለነፋሱ ስለሚገልጥ በግራ በኩል ርቆ ይጠፋል። እዚህ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ፌዱ 1 ገደማ የሆነ ዲስክ ዝቅ አድርጎ፣ ከዒላማው ወደ ቀኝ አስቦ መልቀቅ ይሻላል።

ክብደት፣ ዕድሜና ከፍታ

አውድማ ላይ ምርት ሲዘራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በላይዳ ወደ ላይ ሲወረወር ፍሬው እዚያው ይወድቃል፣ ገለባው ከነፋሱ ጋር ይሄዳል። በፒዲጂኤ ደንብ የአንድ ዲስክ ክብደት ለእያንዳንዱ የስፋቱ ሴንቲ ሜትር ከ8.3 ግራም መብለጥ የለበትም። ስፋቱ 21.2 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ዲስክ ጣሪያው 176 ግራም አይሞላም። ለፊትና ለጎን ነፋስ ወደዚህ ጣሪያ የተጠጋውን መምረጥ፣ ለኋላ ነፋስ ቀለል ያለውን መያዝ ነው።

ዕድሜም ይቆጠራል። ከዛፍና ከድንጋይ ጋር ብዙ የተጋጨ ዲስክ ጠርዙ እየተበላ ወደ አንደርስቴብልነት ያዘነብላል። ስለሆነም ያረጀውን መጣል አይገባም፤ ለኋላ ነፋስ ይቀመጥ።

ስመለስ ሁለት ዲስክ በሻንጣዬ ይዤ መጥቼ አዲስ አበባ ውስጥ ሰፈራችን ካለ የኳስ ሜዳ ላይ ሞክሬያቸዋለሁ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው አየራችን በባሕር ጠረፍ ካለው በአምስት አንድ ያህል የሳሳ ነው። ሁለቱም አውሮራ ከማውቃቸው ቀድመው ወደ ግራ አጋደሉ። በደጋ የሚጫወት ሰው ቁጥሮቹን በዚህ ልክ አስተካክሎ ያንብባቸው፤ ዲስኮቹ ሁሉ ትንሽ ይበልጥ ኦቨርስቴብል ሆነው ይቆዩታል።

አወራወር

ነፋስ ሲገጥመን የሁላችንም ደመ ነፍስ "ጠንክረህ ወርውር" ይላል። ይህ የተገላቢጦሽ ነው። በፊት ነፋስ ላይ ጉልበት መጨመር ዲስኩ የሚያውቀውን የአየር ፍጥነት ይበልጥ ማናር ነው፤ መገልበጡንም ያፋጥነዋል። ከሙሉ ጉልበት ጥቂት ቀንሶ፣ በእጅ አንጓ ጥሩ ሽክርክሪት ሰጥቶ፣ ሳያንቀጠቅጡ መልቀቅ ነው የሚበጀው። የዲስኩ አፍንጫ ቀና ካለ የፊት ነፋስ ከሥር ገብቶ ወደ ሰማይ ያወጣዋል፤ ዝቅ ይበል። ነፋስ ከመሬት እየራቀ ሲሄድ እየበረታ ስለሚሄድ በረራውም ዝቅ ያለ ይሁን። በኋላ ነፋስ ብቻ ትንሽ ከፍ ማድረግ ይፈቀዳል።

ከሁሉ በፊት ነፋሱን ማንበብ ያስፈልጋል። መነሻው በዛፍ ተከልሎ ጸጥ ያለ ሊመስል ይችላል። ሣር ነጭቶ መበተን ጥሩ ነው፤ ግን የዛፎቹን ጫፍና ቅርጫቱ አጠገብ ያለውን ቅጠል ማየትም አይረሳ። ደንቡ ለአንድ ውርወራ 30 ሰከንድ ይሰጣል። ሽውታው ጋብ እስኪል ለመጠበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

ቅርጫቱ አጠገብ

ብዙ ነጥብ የሚጠፋው እዚህ ነው። የፊት ነፋስ ቀስ ብሎ የሚሄደውን ፓተር ስለሚያነሣው ዝቅ አድርጎ ማነጣጠር፣ የኋላ ነፋስ ስለሚጥለው የላይኛውን ሰንሰለት ማየት ይገባል። ከ10 ሜትር ውስጥ ሲወረወር፣ ከለቀቁ በኋላ ሚዛን ጠብቆ መቆም ግዴታ ስለሆነ በነፋስ ቀን እግርን ሰፋ አድርጎ መቆም ይረዳል። ነፋሱ በርትቶ ርቀቱም ከበዛ አጠገቡ ጥሎ በሚቀጥለው ማስገባት ውርደት አይደለም። በነፋሻማነቷ በምትታወቀው በካንሳስ፣ ኤምፖሪያ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ላይ የተወዳደሩት ባለሙያዎችም ነፋሱን ሳይቆጥሩ የወረወሩ አይደሉም።

ደንቡና ኃላፊነቱ

የስፖርቱ ደንብ ለሕግ ሰው ይጥማል። ዲስክ አርፎ ከቆመ በኋላ ነፋስ ቢያንቀሳቅሰው ቦታው መጀመሪያ ያረፈበት ነው። ገና በአየር ላይ ሳለ ነፋስ ከክልል ውጭ ቢያወጣው ግን አንድ ቅጣት በወርዋሪው ላይ ይታሰባል። ከእጅዎ ወጥቶ እስኪያርፍ ድረስ ነፋሱ የእርስዎ ነው! ከዚህም በላይ ደንቡ ሰው ሊጎዳ እንደማይችል እርግጠኛ ሳይሆኑ መወርወርን ይከለክላል።

እርግጥ ኮሎራዶ በእኛ ሕግ አይተዳደርም። ነገር ግን የእኛው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2068፣ ስፖርተኛ ሌላውን ተጫዋች ወይም ሜዳው ላይ የተገኘን ተመልካች ቢጎዳ፣ ተንኮል ወይም ከባድ የደንብ መጣስ ከሌለበት ኃላፊ እንደማይሆን ይናገራል። ሕፃን ይዛ የምታልፍ እናት ግን ተጫዋችም ተመልካችም አይደለችም። ጠርዙ የሾለ 150 ግራም ፕላስቲክ ሕፃን ላይ ቢያርፍ ምን ይሆን እንደነበር እስከ ዛሬ አስባለሁ። ስለዚህ በነፋስ ቀን መንገዱን ማየት ያለብን ዲስኩን ወደምንልክበት አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን ነፋሱ ወደሚሄድበትም ጭምር ነው። ሰው ካለ ይለፍ።

ከመመለሴ በፊት ወደዚያው አራተኛ ቅርጫት ሄድን። ነፋሱ እንደ ልማዱ ከግራ ነበር። መንገዱ ላይ አንድ ሽማግሌ ውሻቸውን ይዘው ሲያልፉ ቆመን ጠበቅን። ከዚያ ከባዱን ዲስክ ይዤ፣ ግራ ጠርዙን ዝቅ አድርጌ፣ በለሰለሰ እጅ ለቀቅሁት። ከቅርጫቱ ዐሥር እርምጃ ያህል ሲቀረው አረፈ። የወንድሜ ልጅ ሳቀና "ጋሼ፣ ዛሬስ ነፋሱ ነው?" አለኝ።