ኃላፊነት ያለ ሥልጣን፦ የአሜሪካን የስለላ ተቋማት የማቀናጀት ታሪክ፣ ከ1941 እስከ 2010

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



ዛሬ የምናገረው ስለ ሰላዮች ጀብዱ አይደለም። ሰላይ ያመጣው ወሬ ወደ አንድ መንግሥት ከገባ በኋላ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደሚተላለፍ፣ የት ላይ እንደሚቆምና ለምን እንደሚቆም ነው። ምሳሌዬን የምወስደው ከአሜሪካ ታሪክ ነው። ያ መንግሥት ስለ ራሱ ውድቀት ያካሄዳቸውን ምርመራዎች በሺዎች በሚቆጠሩ ገጾች አሳትሟል፤ የታሪክ ባለሙያም ሰነድ ባለበት ይሠራል። ዓመታቱን ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

አንድ የቃል ማብራሪያ ላስቀድም። በአማርኛ «መረጃ» የምንለው ቃል ብዙ ሸክም ተሸክሟል። ጋዜጣ ላይ የምናነበውም መረጃ ነው፤ የስለላ መሥሪያ ቤት አጣርቶ፣ መዝኖና ከሌላው ጋር አገናዝቦ ለውሳኔ ሰጪ የሚያቀርበውም መረጃ ነው። ስለዚህ ያልተመዘነውን በጥንቱ የቤተ መንግሥት አነጋገር «ወሬ» እለዋለሁ፤ የተመዘነውን ደግሞ «ግምገማ»። የዛሬው ጉዳያችን ያለው በሁለቱ መካከል ባለው መንገድ ላይ ነው።

በፈተና ወረቀት ላይ «አሜሪካ በፐርል ሃርበር ለምን ተዘናጋች?» ብዬ ስጠይቅ፣ ብዙ ተማሪዎች «ወሬው ስላልነበራት» ብለው ይጽፋሉ። ወሬውማ ነበራት። በ1941 የአሜሪካ ምድር ጦርና ባሕር ኃይል የጃፓንን የዲፕሎማሲ ምስጢራዊ ጽሕፈት እየፈቱ ያነቡ ነበር። ሥራው ግን በሁለት መሥሪያ ቤቶች የተያዘ ነበር፤ አንዱም ክብሩን ለሌላው ለመተው አልፈቀደም። የተስማሙበት መፍትሔ ከማውቃቸው የአስተዳደር ስምምነቶች ሁሉ እጅግ የሚያስገርመኝ ነው። ቀኑ ጥንድ ቁጥር ሲሆን የጃፓንን መልእክት ምድር ጦር ይፈታል፤ ጎዶሎ ሲሆን ባሕር ኃይል ይፈታል። የተፈታውን ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የማቅረቡ ተራም ለተወሰነ ጊዜ በወር በወር ይፈራረቅ ነበር። ይህን ቅንጅት ብሎ መጥራት ይከብደኛል፤ ተራ በተራ የሚወጣ ዕቁብ ይመስላል።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 24 ቀን ቶኪዮ ሆኖሉሉ ለሚገኘው ቆንስሏ አንድ ትእዛዝ አስተላለፈች። የፐርል ሃርበርን የውኃ ክልል በአምስት ቀጠና ከፍሎ፣ የጦር መርከቦቹ በየትኛው ቀጠና እንደሚገኙ እንዲያሳውቅ የሚያዝ ነበር። መልእክቱ ኦክቶበር 9 ቀን ዋሽንግተን ውስጥ ተተረጎመ፤ ጥቂት መኮንኖችም አነበቡት። በሃዋይ ለነበሩት አዛዦች፣ ለባሕር ኃይሉ አድሚራል ኪመልና ለምድር ጦሩ ጄኔራል ሾርት፣ ግን አልደረሰም። ወሬውን የሚያነቡት ወደቡን አይጠብቁም፤ ወደቡን የሚጠብቁትም ወሬውን አያነቡም ነበር።

ሃዋይ ላይም ሁኔታው ከዚህ የተለየ አልነበረም። ሾርት ባሕር ኃይሉ በአውሮፕላን የሩቅ ቅኝት እንደሚያደርግ ያምኑ ነበር፤ ኪመል በበኩላቸው ምድር ጦሩ በሙሉ ተጠንቀቅ ላይ እንዳለ ያምኑ ነበር። ሁለቱም እምነቶች የተሳሳቱ ነበሩ። ሾርት ከዋሽንግተን የመጣላቸውን ማስጠንቀቂያ የአሻጥር ስጋት አድርገው ተረድተው አውሮፕላኖቻቸውን ለጥበቃ እንዲመች ክንፍ ለክንፍ አስጠግተው አሰለፉ፤ ይህንኑ ለዋሽንግተን ሲያሳውቁም ያረማቸው አልነበረም። ሁለቱ አዛዦች ተኳርፈው እንዳይመስላችሁ። ጥቃቱ በደረሰበት በዚያው እሑድ ጠዋት አብረው ጎልፍ ሊጫወቱ ተቀጣጥረው ነበር። የሰዎች ወዳጅነት የመሥሪያ ቤቶችን ቅንጅት እንደማይተካ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የመጨረሻው ቴሌግራም ታሪክ ደግሞ ይኸው ነው። ዲሴምበር 7 ቀን ረፋድ ላይ የጦር ኃይሉ ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ማርሻል ለሃዋይ አዛዦች የማስጠንቀቂያ መልእክት ጻፉ። የባሕር ኃይሉ አቻቸው አድሚራል ስታርክ በባሕር ኃይል ሬዲዮ እንዲላክ ሐሳብ አቀረቡ፤ ማርሻል ግን የራሳቸው መሥሪያ ቤት እንደዚያው ፈጣን ነው ብለው አልተቀበሉም። በዚያን ሰዓት የምድር ጦሩ ሬዲዮ ከሃዋይ ጋር መገናኘት አልቻለም ነበር። መልእክቱ በንግድ ቴሌግራም ድርጅቶች በኩል ተላከ፤ ጄኔራል ሾርት እጅ የገባው ጥቃቱ ካበቃ ከሰዓታት በኋላ ነው። በዚያ ቀን 2,403 አሜሪካውያን ሞተዋል።

ሮቤርታ ዎልስቴተር በ1962 ባሳተሙት ዝነኛ ጥናት፣ ችግሩ የምልክት እጦት ሳይሆን እውነተኛው ምልክት በብዙ ጫጫታ መካከል መጥፋቱ ነው ብለው ተከራክረዋል። ትልቅ ሥራ ነው፤ እኔም ዛሬ ድረስ አስተምረዋለሁ። ነገር ግን ማብራሪያው ግማሽ ነው እላለሁ። ጫጫታው ከየት መጣ? ከፊሉ ከጃፓን ነው፤ ከፊሉ ግን ምልክቱን ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የማስቀመጥ ሥልጣን ያለው ሰው ባለመኖሩ ነው። ጫጫታ የተፈጥሮ ነገር ብቻ አይደለም፤ የመንግሥት አወቃቀርም ይፈጥረዋል።

ከጦርነቱ በኋላ ታዲያ ሁሉን የሚያቀናጅ አካል ለምን ወዲያው አልተቋቋመም? በጦርነቱ ጊዜ የስትራቴጂ አገልግሎት ቢሮን የመሩት ጄኔራል ዶኖቫን በ1944 መጨረሻ አንድ ማዕከላዊ የስለላ መሥሪያ ቤት እንዲመሠረት ሐሳብ አቅርበው ነበር። ሐሳቡ በፌብሩዋሪ 1945 ሾልኮ ወጣ፤ ጋዜጦችም ከናዚ ጀርመኑ ጌስታፖ ጋር አመሳሰሉት። ጋዜጦቹን የመገበው ማን እንደሆነ ማጣራቱ እዚህ አያስፈልገንም። የሚያስፈልገን ክሱ ተሰሚነት ማግኘቱ ነው። ሕዝቡ ጌስታፖን እየወጋ ነበር፤ የራሱን ሊያቋቁም አልፈለገም። ፕሬዚዳንት ትሩማን የዶኖቫንን ቢሮ በሴፕቴምበር 1945 በፈረሙት ትእዛዝ አፈረሱት።

ከወራት በኋላ ግን በየቀኑ ጠረጴዛቸው ላይ የሚከመረው፣ እርስ በርሱም የሚጋጨው ሪፖርት ትሩማንን አሰለቻቸው። በጃንዋሪ 1946 ማዕከላዊ የስለላ ቡድን የተባለ አነስተኛ አካል አቋቁመው አድሚራል ሲድኒ ሳወርስን ሾሙበት። በሹመቱ ማግሥት በተደረገ የምሳ ግብዣ ላይ ለተሿሚው ጥቁር ካባና የእንጨት ጩቤ በቀልድ አበረከቱ። ቀልዱን የማነሣው ለጨዋታ ያህል አይደለም። ቡድኑ የራሱ በጀት አልነበረውም፤ ሠራተኞቹንም ከውጭ ጉዳይ፣ ከጦርና ከባሕር ኃይል መሥሪያ ቤቶች በውሰት ያገኝ ነበር። የእንጨት ጩቤ እንግዲህ ተስማሚ ምልክት ነበረ።

ጁላይ 26 ቀን 1947 የተፈረመው የብሔራዊ ደኅንነት ሕግ ሲ.አይ.ኤን አቋቋመ፤ ለማዕከላዊ ስለላ ዳይሬክተርነትም ሕጋዊ መሠረት ሰጠ። ሕጉን ስታነቡ ግሦቹን ልብ በሉ። የመሥሪያ ቤቶቹን የስለላ ሥራ ማቀናጀትን በተመለከተ አዲሱ ድርጅት ለብሔራዊ ደኅንነት ምክር ቤት «ሐሳብ ያቀርባል» እንጂ አያዝም። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ስለላ መሰብሰቡንና መመዘኑን ይቀጥላል። ድርጅቱ የፖሊስም ሆነ የአገር ውስጥ ጸጥታ ሥልጣን አይኖረውም። እነዚህ ሦስት ነጥቦች የረቂቅ ጉድለቶች አይደሉም፤ ታስቦባቸው የገቡ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የጦር መሥሪያ ቤቶችን ጥቅም ይጠብቃሉ፤ ሦስተኛው የዜጋውን ነፃነት ይጠብቃል። የዚህ ታሪክ አስቸጋሪነት ያለው፣ ከጥቅም የመነጨው ገደብና ከመርሕ የመነጨው ገደብ በአንድ ሕግ ውስጥ ተቃቅፈው በመቀመጣቸው ላይ ነው።

የቀዝቃዛውን ጦርነት ዘመን በፍጥነት አልፋለሁ። የኤሌክትሮኒክ ጠለፋ ሥራ በ1952 ለብሔራዊ ጸጥታ ኤጀንሲ ተሰጠ፤ ኤጀንሲው ግን በመከላከያ ሚኒስቴር ሥር ነበር። ሳተላይቶች ሲመጡ አብዛኛው የስለላ በጀት በዚያው ሚኒስቴር እጅ ገባ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1971 ዳይሬክተሩ የሁሉንም ተቋማት በጀት በበላይነት እንዲያይ አዘዙ፤ ገንዘቡን የያዘው ግን እንደያዘ ቀረ። ከዚያም በ1975 እና በ1976 በሴናተር ፍራንክ ቸርች የሚመራው ኮሚቴ፣ ሲ.አይ.ኤ የአሜሪካውያንን ደብዳቤ ይከፍት እንደነበር፣ የፌዴራል ምርመራ ቢሮም የሲቪል መብት ታጋዮችን ይከታተልና ያዋክብ እንደነበር አጋለጠ። የ1945ቱ ፍርሃት ባዶ ፍርሃት እንዳልነበር እዚህ ላይ መመስከር ይገባል። ከዚያ በኋላ በስለላና በወንጀል ምርመራ መካከል የተሠራው የሕግ አጥር፣ በ1995ቱ መመሪያ የጠበቀው፣ ከዚህ ቁስል የተወለደ ነው። ሠራተኞቹ ግን አጥሩን ሕጉ ካስቀመጠው ቦታ አልፈው፣ ባልተከለከለው ሁሉ ላይ አቆሙት።

ዲሴምበር 4 ቀን 1998 ዳይሬክተር ጆርጅ ቴኔት ከአልቃኢዳ ጋር ጦርነት ላይ መሆናቸውን የሚገልጽ፣ ሰውም ገንዘብም እንዳይቆጠብ የሚያሳስብ ማስታወሻ ጻፉ። የሴፕቴምበር 11 ኮሚሽን ኋላ ባደረገው ምርመራ ማስታወሻው ተቋማቱን በማንቀሳቀስ ረገድ ያስከተለው ውጤት እምብዛም እንዳልነበር አረጋገጠ። በማዕረግ የሁሉም የስለላ ተቋማት አለቃ የሆነ ሰው ጦርነት አወጀ፤ የሚዘምት ግን አልነበረም።

በጃንዋሪ 2000 ሲ.አይ.ኤ ኳላ ላምፑር ውስጥ የተሰበሰቡ የአልቃኢዳ ሰዎችን ይከታተል ነበር። ከመካከላቸው ኻሊድ አል ሚህዳር የአሜሪካ ቪዛ እንዳለው ያውቅ ነበር። ናዋፍ አል ሃዝሚ ወደ ሎስ አንጀለስ መብረሩንም በማርች ወር ዐወቀ። ሁለቱ በሳንዲያጎ ተቀመጡ፤ የሃዝሚ ስም በከተማዋ የስልክ ማውጫ ታትሞ ወጥቷል። ስማቸው በተጠርጣሪዎች መዝገብ የገባው በኦገስት 2001 መጨረሻ ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሁለቱም ፔንታጎንን በመታው አውሮፕላን ላይ ነበሩ።

በዚያው ኦገስት 16 ቀን በሚኔሶታ የበረራ ትምህርት ሲከታተል የነበረው ዘካርያስ ሙሳዊ ተያዘ። ጉዳዩን ይመረምር የነበረው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ነው። ኦገስት 23 ቀን ስለ ጉዳዩ ገለጻ የተደረገላቸው ግን የሲ.አይ.ኤው ቴኔት ናቸው። የራሱ የምርመራ ቢሮው ተጠባባቂ ዳይሬክተር ከሴፕቴምበር 11 በፊት ገለጻ እንደተደረገላቸው የሚያሳይ ማስረጃ ኮሚሽኑ አላገኘም። ወሬው አጥሩን ዘሎ ወደ ጎረቤት ገባ፤ በራሱ ቤት ግን ፎቅ መውጣት አልቻለም። ይህን ያህል የምቆይበት «አጥሩን ብናፈርስ ችግሩ ይፈታል» የሚለው መልስ ከአንዳንድ ወገን ሲሰማ ስለሚከነክነኝ ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ተረቱ የድሩን ጫፍ ማን እንደሚይዝ አይናገርም፤ የታሰረው አንበሳ መሆኑን ማን እንደሚያጣራም አይናገርም። ለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ የኦክቶበር 2002ቱን ብሔራዊ ግምገማ እዩ። ኢራቅ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ፕሮግራሟን እንደቀጠለች የገለጸው ሰነድ ተቋማቱ ተቀናጅተው፣ በሳምንታት ውስጥ፣ ያዘጋጁት ነበር። የኑክሌር ፕሮግራሟን እንደገና ጀምራለች በሚለው ላይ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የስለላና የምርምር ቢሮ አልተስማማም። ኢራቅ ልትገዛቸው የሞከረችው የአሉሚኒየም ቱቦዎች ለኑክሌር ሥራ ናቸው የሚለውን ደግሞ የኃይል መሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች ተቃወሙ፤ ስለ ጉዳዩ ከሁሉ የበለጠ የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። ተቃውሟቸው በሰነዱ ተመዝግቧል፤ የበላይ የሆነው ግን የብዙኃኑ ድምዳሜ ነበር። በ1941 ያጠፋቸው አለመገናኘት ነበር፤ በ2002 ያሳሳታቸው ተገናኝተው መስማማታቸው ነው። ስለዚህ የአቀናጁ ሥራ ተቋማትን ማስማማት ነው ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ከእኔ ሙሉ ነጥብ አያገኝም። አለመግባባቱ ሳይለዝብ ውሳኔ ሰጪው ጆሮ እንዲደርስ ማድረግ የሥራው ግማሽ ነው።

ዲሴምበር 17 ቀን 2004 በተፈረመ ሕግ የብሔራዊ ስለላ ዳይሬክተር የሚባል ሹመት ተፈጠረ። ከእንግዲህ አቀናጁ የሲ.አይ.ኤ አለቃ አይሆንም፤ ከሁሉም በላይ ይቀመጣል። ሕጉ በኮንግሬስ ሲረቀቅ ግን የመከላከያ ሚኒስቴር ደጋፊዎች አጥብቀው ተሟገቱ፤ በመጨረሻም አዲሱ ሥልጣን የየመሥሪያ ቤቱን ኃላፊዎች ሕጋዊ ሥልጣን እንዳይሽር የሚጠብቅ አንቀጽ አስገቡ። የ1947ን ሕግ ያነበበ ሰው ይህን አንቀጽ ሲያይ የድሮ ወዳጁን መንገድ ላይ ያገኘ ይመስለዋል።

ፈተናው አልዘገየም። በኖቬምበር 2009 አንድ ናይጄሪያዊ አባት አቡጃ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ቀርቦ ስለ ልጁ አክራሪነት ስጋቱን ገለጸ። ስሙ ሲመዘገብ በፊደል ስሕተት ምክንያት ልጁ ቪዛ እንዳለው ሳይታወቅ ቀረ። ዲሴምበር 25 ቀን ወጣቱ ወደ ዲትሮይት በሚበር አውሮፕላን ውስጥ ፈንጂ ሊያፈነዳ ሞከረ፤ ፈንጂው በትክክል ባለመሥራቱ ተሳፋሪዎቹ ተረፉ።

በዚሁ ዓመት የብሔራዊ ስለላ ዳይሬክተሩ አድሚራል ዴኒስ ብሌር፣ በአንዳንድ አገሮች የአሜሪካን ስለላ የሚወክለውን ሰው የመምረጥ ሥልጣን የእኔ ነው የሚል መመሪያ አወጡ። ሹመቱ ከሲ.አይ.ኤ ውጪ ላለ ሰውም ሊሰጥ ይችላል ማለታቸው ነበር። የሲ.አይ.ኤው ዳይሬክተር ሊዮን ፓኔታ ሠራተኞቻቸው መመሪያውን እንዳይቀበሉ አዘዙ። ክርክሩ ለወራት ከቆየ በኋላ ዋይት ሐውስ ለፓኔታ ፈረደ። ብሌር በሜይ 2010 ከሥልጣናቸው ለቀቁ፤ ሹመቱ ከተፈጠረ ገና ስድስት ዓመት አልሞላውም ነበር፤ እሳቸውም ሦስተኛው ተሿሚ ነበሩ።

ቀሪውን ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁ እተዋለሁ።