አጥንትን የማብቀል ጥበብና የመጠን ጥያቄ

የተሰበረ አጥንት ጊዜ ከተሰጠው ራሱን በራሱ ይጠግናል። ስብራቱ ሰፊ ክፍተት የተወ እንደሆነ ግን መግጠም ይሳነዋል። የተለመደው መፍትሔ ከሕመምተኛው ዳሌ አጥንት ወስዶ መትከል ነው፤ ይኸውም ሁለተኛ ቁስል ያስከትላል፣ የሚገኘውም አጥንት ውሱን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ማርሻል ዩሪስት፣ ማዕድኑ በአሲድ የወጣለትን አጥንት በእንስሳት ጡንቻ ውስጥ ቢቀብሩት አዲስ አጥንት መብቀሉን ገለጡ። አጥንት በማይበቅልበት ሥጋ ውስጥ አጥንት ያበቀለው በውስጡ የነበረ ፕሮቲን ነው። በ1988 ጆን ዎዝኒና ባልደረቦቻቸው የዚህን ፕሮቲን ዘር መመሪያ ለይተው በማውጣታቸው፣ በብዛት የማምረቻው መንገድ ተከፈተ።

እንግዲህ የቀረው፣ ፕሮቲኑን በሚፈለግበት ቦታ ማቆየት ነበር። በ2002 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በኮላጅን ስፖንጅ ተነክሮ ለታችኛው የአከርካሪ አጥንት ማጋጠሚያ እንዲውል ፈቀደ። ይሁን እንጂ ስፖንጁ ፕሮቲኑን አጥብቆ አይዝም፤ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያመልጣል። ይህን ለማካካስ በአንድ ሚሊሊትር 1.5 ሚሊግራም፣ ማለትም ሰውነት ራሱ ከሚጠቀምበት እጅግ የላቀ መጠን ተጨመረበት። ውጤቱም ሳይታይ አልቀረም። በ2008 ያው ባለሥልጣን፣ ፕሮቲኑ በአንገት አከርካሪ ላይ ሲውል ጉሮሮን አሳብጦ መተንፈሻን እስከ መዝጋት የሚያደርስ አደጋ መድረሱን አስታወቀ።

ጉድለቱ ከፕሮቲኑ ይልቅ በአለቃቀቁ ላይ ነበር። ለዚህ መልስ የሚሆነው ሐሳብ ግን አስቀድሞ ተጠንስሷል። በ1960 ኦቶ ዊችተርሌና ድራሆስላቭ ሊም ውሃ አዝሎ የሚኖረውን ሃይድሮጄል ለሕክምና አቀረቡ። በ1976 ሮበርት ላንገርና ጁዳ ፎክማን ፖሊመር ፕሮቲንን ለረጅም ጊዜ በዝግታ ሊለቅ እንደሚችል አሳዩ። ኋላም በጃፓን ያሱሂኮ ታባታ፣ አሉታዊ ሙል ያለው የጄላቲን ሃይድሮጄል አዎንታዊ ሙል ያለውን የዕድገት ፕሮቲን እንደሚይዝና ጄሉ በኢንዛይም ሲፈርስ እንደሚለቀው ተመራመሩ። የሰንሰለቶቹ ትስስር ሲጠብቅ መፍረሱ ይዘገያል፤ ሲላላ ይፈጥናል።

ይህ ለእኛ ለመሐንዲሶች እንግዳ ነገር አይደለም። ግድብ ያጠራቀመው ውሃ ሁሉ በአንድ ቀን ቢለቀቅ እርሻውን ጠርጎ ይሄዳል፤ በመጠን ቢለቀቅ ግን ያለማዋል። የአጥንት ሃይድሮጄል ጥናት ዛሬም በአብዛኛው በቤተ ሙከራና በእንስሳት ላይ ነው። ከታሪኩ የምንማረው፣ ኃይለኛ ነገር ማግኘት የሥራው እኩሌታ ብቻ መሆኑን ነው፤ የቀረው እኩሌታ የት፣ መቼና ምን ያህል ብሎ መወሰን ነው።