ከመቃብር ወዲያ
በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያላነበበው ብዙ ሰው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ ሰምቶታል። ታዲያ ብዙዎቻችን መልሰን የምንተርከው እስከ በዛብህ ሞት ድረስ ያለውን ነው። ደራሲው ግን ብዕሩን እዚያ አላስቀመጠም፤ ሰብለ ወንጌልን አመነኮሳት፤ ጉዱ ካሳንም ከአጠገቧ አኖረው። አንድ ሟች ያስተሳሰረው ኑሮ ነው፤ ለእኔስ ከፍቅሩ ታሪክ አያንስብኝም። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ባሳተመው «ኦሮማይ» ውስጥ ፊያሜታን ያጣው ፀጋዬ እንዲህ ያለ መጠጊያ የለውም፤ በጦርነት መካከል ማን አብሮት ያልቅስ? ተዝካር አውጥታ፣ ከሏን አውልቃ እንደገና ለማፍቀር የደፈረችውን፣ በየሰፈራችን የምናውቃትን ሴት ግን በሁለቱም መጻሕፍት አላገኘኋትም።