የወለጋ ነፋስና የፊንጫ ውሃ

ከሻምቡ እስከ ነቀምቴ፣ ከጊምቢም እስከ ደምቢ ዶሎ ባለው አገር ነፋስ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅበት ሥራ በአውድማ ላይ ነበር፤ በሬዎቹ እህሉን ካበራዩ በኋላ ገበሬው መንሹንና ላይዳውን ይዞ የነፋሱን መምጣት ይጠባበቃል፣ በመጣም ጊዜ ገለባውን ከፍሬው ይለይበታል። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ከአራቱ ባሕርያት አንዱ የሚሉት ይህ ነፋስ ከዚያ ለከበደ ሥራ አልተጠራም።

ዘመነ ኤሌክትሪክ በደረሰ ጊዜም የተመረጠው ውሃ ሆነ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከዓለም ባንክ ተበድሮ የፊንጫን ወንዝ አስገደበ፤ የጮመን ረግረግ ሐይቅ ሆነ፤ ውሃው ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል በሚወርድበት ስፍራ የተተከለውም ጣቢያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1973 100 ሜጋ ዋት ያህል ማመንጨት ጀመረ፣ ኋላም አራተኛ ተርባይን ተጨምሮለት 134 ደረሰ። ስለዚህ ግድብ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሜጋ ዋቱን ያስቀድማሉ፤ እኔ ግን ከብቱን ያሰማራበት የነበረው መስክ በውሃ የተዋጠበት ሰው፣ ኃይሉ በረጅም ሽቦ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ እርሱ በኩራዝ ማምሸቱን ሳላነሣ ላልፍ አይቻለኝም።

ነፋስ ተራው የደረሰው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። በመቀሌ አጠገብ የአሸጎዳ ጣቢያ በ84 ተርባይኖች 120 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተሠርቶ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በአዳማ ኮረብቶች ላይም በሁለት ምዕራፍ፣ መጀመሪያ 51 ቀጥሎም 153 ሜጋ ዋት ተተከለ። ወለጋ ከዚህ ዕድል የቀረው በቸልታ ነው የሚል ቢኖር ፍርዱ የቸኮለ ይመስለኛል። የነፋስ ኃይል በፍጥነቱ ኩብ ልክ ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱ በግማሽ ያነሰበት ቦታ የሚሰጠው ኃይል ስምንተኛውን እጅ ብቻ ነው፤ ስለዚህም መሐንዲሶች ገንዘብ ከማፍሰሳቸው በፊት የመለኪያ ምሰሶ አቁመው ቢያንስ ዓመት ሙሉ ነፋሱን ይመዝናሉ። ይህ ሚዛን የሚያደላው በስምጥ ሸለቆ ዳርና በምሥራቁ ከፍታ ለሚነፍሰው ደረቅ የበጋ ነፋስ ነው። ወደ ወለጋ በክረምት ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ነፋስ ግን እርጥበት ተሸክሞ ይመጣል፣ ሸክሙንም በደኑና በቡናው ላይ ያራግፋል፤ ጮመንን የሚሞላውም ይኸው ዝናብ ስለሆነ የወለጋ ነፋስ በፊንጫ በኩል ዞሮ ብርሃን ሆኗል ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የምሥራቁ ነፋስ የሚበረታው ደግሞ የሐይቁ ውሃ እየጎደለ በሚሄድባቸው የበጋ ወራት ነው። የነፋሱና የውሃው ጣቢያዎች በአንድ የኤሌክትሪክ መረብ የተሳሰሩ በመሆናቸው፣ የአዳማ ተርባይኖች በሚዞሩበት ሰዓት ከፊንጫ የሚለቀቀውን ውሃ መቀነስ ይቻላል፤ የተቆጠበውም እስከ ሰኔ ዝናብ ድረስ ይቆያል።